ከደጄ የመለስኩት ሰው

እሑድ፣ መጋቢት 11

"አልመጣም" ያልኳት ውሸት ነው። መጥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ከደጄ መልሼዋለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመው ነገር ሁለት መስመር እንኳ አልሞላም።

ከሥሩ ልጀምር፤ አለዚያ ነገ ራሴን ለማዳን እጠመዝዘዋለሁ። ስንዱ ሚስቴ ነበረች። ኩላሊቷን ታማ እዚህ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ቤታችን ተኝታ፣ ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ "የኔታን ጥራልኝ፣ ጸሎት ያንብብልኝ" አለችኝ። የኔታ የምትለው አያሌውን ነው። አያሌው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ የሚጠብቅ ጋፊር ነው። ቄስም ዲያቆንም አይደለም፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ሳይጨርስ ተሰደደ። ስንዱ እዚያው ፎቅ ላይ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ እመቤቲቱ ስትተኛ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ።

ሳልጠራው ራሱ መጣ። መታመሟን ሰምቶ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ። በሩን ገርበብ አድርጌ "ማንንም ማየት አልፈልግም ብላለች" አልኩት። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። ያን ጊዜ "በተለይ እርስዎን" አልኩት። ፊቱን አላየሁም፣ ጫማውን ነበር የማየው። አቧራ ለብሷል። ከሃፍላው፣ ከአውቶቡሱ፣ ወርዶ ብዙ በእግሩ መጥቷል ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ገብቼ "መልእክት ልኬበት ነበር፣ ሥራ አልለቀቀኝም አለ" አልኳት። ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋት፤ እኔ የገዛሁት አስመስዬ። "ተባረክ፣ እንዴት ይጣፍጣል" አለችኝ።

እሷ ረሳኝ ብላ ሞተች። እሱ ደግሞ ተቀይማኝ ሞተች ብሎ ይኖራል።

ዛሬ ለምን እንደጻፍኩም ልናገር። መጻጉዕ ነው። የዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ ታሪክ ተነበበ፤ ውኃው ሲናወጥ ሌላ ሰው እየቀደመው የሚወርደው። በየዓመቱ ስሰማው "ይህ እኔ ነኝ" እላለሁ። ዛሬም አልኩ። ከዚያ ማስታወቂያ ተነገረ። አያሌው ዐይኑ እየደከመ ስለሆነ ለዘለቄታው አገሩ ይገባል፣ የወንድሙ ልጅ ልትጦረው ጠርታዋለች። ቅዳሜ ይሄዳል፣ ዓርብ ሽኝት አለ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ በሆዴ ያልኩት "እሱ ደግሞ ቀደመኝ" ነው።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ለራሴ ስጽፍ ግን አልመጣልህ አለኝ።


ሰኞ፣ መጋቢት 12

ስምንት ጎማ ሠራሁ። ወገቤ።

ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የጎማ ጥገና አለችኝ፤ እዚህ ብንሸር ይሏታል። አንድ የአየር መጭመቂያ፣ አንድ የውኃ ገንዳ፣ አንድ የኒም ዛፍ። ዛፉ ሥር ዘይነባ ሻይ ትሸጣለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ከስንዱ ጋር ሰው ቤት ሠርተዋል።

"አያ በላይ፣ ፊትህ ዛሬ የተነፈሰ ጎማ መስሏል" አለችኝ።

"ሻይሽን አፍይ።"

"ሻዩማ ፈልቷል። አንተም ፈልተሃል።"

ሹፌሮቹ ሳቁ። ከዚያ ስለ አያሌው ጀመረች። እሷንም ስሟን ያስጻፋት እሱ ነው ለካ። "ወሏሂ፣ እኔ እስላም፣ እሱ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አንድ ቀን ክፉ ደግ ሳይለኝ! ዘይነባ ብዬ ስጽፍ ባንክ ቤት ያለው ሰውዬ አፉን ከፈተ።" ሹፌሮቹ ባይገባቸውም "ማሻአላህ" አሉ። እኔ መዶሻዬን አነሣሁ። የጎማውን ጠርዝ ከሚያስፈልገው በላይ መታሁት።

በሥጋ ጠርጥሬው አላውቅም። እንዲያ ቢሆን ለመናገር ይቀለኝ ነበር፤ ሰውም ይረዳኝ ነበር። የቀናሁት በፊደሉ ነው። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። አብረን ስንኖር አንድም ቀን "ነይ ላሳይሽ" አላልኳትም። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ እጇን አጣጥፋ ትሰማለች። ያንን እወደው ነበር ለካ። ቤት ውስጥ የሚያነበው ሰው እኔ ብቻ መሆኔን።

አንድ ቀን በሃፍላ ካርቱም ሁለትን ስናልፍ የሐበሻ ምግብ ቤት ታፔላ በመስኮት አየች። ጮክ ብላ "ም… ግ… ብ… ምግብ ቤት!" አለች። ሱዳኖቹ ዞረው ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። እሷም ሳቀች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ሳራን የወለደች ቀን ብቻ ነው። እኔ ምን አልኳት? "ዝም በይ፣ ሰው ያየናል።"

ከዚያ ወዲያ ያነበበችውን ለእኔ ማንበብ ተወች። ለእሱ ታነብለት ነበር።

በሃይማኖቱም እንዲሁ። ከእኔ ኋላ ተነሥታ ቀደመችኝ። እኔ ሱባኤ መግባት ስጀምር እሷ ጨርሳ ትወጣለች። ጸሎት ላይ እኔ እንቅልፌ ሲመጣ እሷ ገና እየነቃች ነው። ሚስቱ ስትቀድመው የሚቀና ባል አለ? አለ። ጎማ ይሠራል።

ንስሐዬንም ልጻፍ። በየጾሙ አባ ዘንድ እሄዳለሁ። "በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁት" እላለሁ። ይህን ነገር "ባለማወቅ" ውስጥ ከትቼ አሳልፈዋለሁ። አባ አርባ ስግደት ያዝዙኛል፣ እኔ ስልሳ እሰግዳለሁ። ትርፉ ሃያ ለምን እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። ጉልበቴ ያውቃል።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

የሰበካው ጸሐፊ ደወለ።

"ጋሽ በላይ፣ የዓርቡን ንግግር አንተ ታደርጋለህ።"

"እኔ ንግግር ምን አውቄ?"

"የስንዱን ንገረን። የመጀመሪያ ተማሪው እሷ አይደለች? ሰው ሁሉ አንተን ነው የጠቆመው።"

እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ አንተን የሚለው ቃል ነው እሺ ያሰኘኝ። ስልኩን ዘግቼ ሸሚዝ አሰብኩ፤ ነጩን፣ አንገቱ ያልተበላውን።

አሁን ራሴን ስመረምር የቀናሁበት ብዛቱ። ሴቶቹ ጉልበቱን ሲስሙት። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቦታ የሚለቁለት። ድምፁ። (የእኔ ድምፅ የተሰነጠቀ ነው፣ "አቤቱ" ስል እንኳ ሰው የጠራሁ ይመስላል።) ሳራ "ዐሚ አያሌው" ስትለው፤ ዐሚ በአረብኛ አጎቴ ማለት ነው፣ ወንድሜ የሆነው መቼ ነው? አገሩ መግባቱ። የሚጠራው ሰው መኖሩ። ስንዱ "የኔታ" ያለችው። እኔን ሃያ ሁለት ዓመት "አንተዬ" ነበር የምትለኝ፤ ያም መልካም ነው፣ አሁን ሳስበው ያም በጣም መልካም ነበር። ያን ጊዜ ግን የኔታ መባል አማረኝ።

ጾመኛ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አልቀምስም። ይህ ሁሉ ግን ባዶ ሆዴ ውስጥ ተመችቶት ተቀምጧል።


ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ልነግረው ወጣሁ። እውነት ነው፣ ቆርጬ ነበር። ሥራዬን ለዘይነባ አደራ ብዬ በሰባት ሰዓት ካርቱም ሁለት ሄድኩ። በሃፍላ ውስጥ ቃላቱን ተለማመድኩ። "ጋሽ አያሌው፣ ያን ጊዜ በር ላይ የነገርኩዎት ውሸት ነበር።" አጭር ነው። ሕፃን ይለዋል።

ፎቁ ጋ ስደርስ ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል። አምስት ስድስት ሴቶች፣ ሁለት በቅርቡ ከመተማ የገቡ የቀን ሠራተኞች። አያሌው ዕቃውን እያደለ ነው። ብርድ ልብሱን ለአንዱ፣ ድስቱን ለአንዷ። እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠራ፣ ፊታቸውን አቅርቦ እያየ፣ ይመርቃል። አንዷ "የኔታ፣ እኛን ለማን ትተውን?" ብላ አለቀሰች።

የኔታ። እሷም የኔታ አለችው።

መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ግድግዳ ጥላ ውስጥ። ዐይኑ ስለደከመ አያየኝም፤ ያንንም አስቤ ነው የቆምኩት። እኔ ነገ ካርቱምን ብለቅ ማን ይመጣል? ሹፌሮች። "መጭመቂያውን ለማን ሸጥከው" ለማለት።

ተመለስኩ። ሳራ ደውላ "ባባ፣ ዐሚ አያሌውን አገኘኸው?" አለችኝ። ሰልፍ ስላለ መንገድ ተዘግቷል አልኳት። ሰልፍ አልነበረም። ይኸው አንድ ውሸት ልነቅል ሄጄ ሌላ ተክዬ መጣሁ።

አንድ ነገር ግን መጣልኝ፣ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። በየዓመቱ በሽተኛው እኔ ነኝ እላለሁ። አይደለሁም። በሽተኛዋ አልጋ ላይ ነበረች። ውኃውን የሚያናውጥላት ሰው ደጅ ድረስ መጥቷል። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ሳራ ከሥራ ስትመለስ አሮጌ ደብተር ይዛ ገባች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ በካርቱም ሁለት በኩል ዞራ ተሰናብታው ነበር። "ባባ፣ ዐሚ አያሌው ሰጠኝ። የማማ ኻጥ ነው" አለች። የእጅ ጽሑፏ ማለቷ ነው። ሳራ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ብትናገርም ማንበብ ይከብዳታል። "አንብብልኝ።"

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሀ ሁ ናቸው። እንደ ሰከረ ሰው የተጋደሙ። ከዚያ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ትጀምራለች። የፈለግሽውን ጻፊ ብሏት ይሆናል። ያነበብኩላትን ልገልብጥ፦

በላይ ባሌ ነው።
በላይ ጎማ ይሠራል።
በላይ ሽሮ ይወዳል።
በላይ ይቆጣል።
ሳራ ትሮጣለች።
በላይ ይቆጣል። ነገ አይቆጣም።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ሳራ "ኻላስ? አለቀ?" አለች።

"አለቀ።"

አላለቀም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲሁ ነው። ሁሉም በላይ፣ በላይ። አንድ ቦታ ስሜን "በሊይ" ብላ ጽፋ ሰርዛ አስተካክላዋለች። እሱ ቀይ እስክሪብቶ አላስነካውም፤ ራሷ ናት ያረመችው።

እኔ ደረጃው ላይ ምን ይነጋገሩ ይሆን እያልኩ ስቃጠል እሷ እዚያ ተቀምጣ እኔን ትጽፍ ነበር። እሱም እያየ። ቁጡ መሆኔን በእጇ ጽሑፍ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በር ላይ ስመልሰው አላስገረምኩትም ይሆናል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እንኳ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ደብተሯን የያዘው እሱ መሆኑ ከነከነኝ። ለምን እኔ ጋ አልነበረም? እንዲህ ያለ ልብ ነው ያለኝ።

ንግግሩን ጨርሻለሁ። አንድ ገጽ ተኩል። ያምራል።


ዓርብ፣ መጋቢት 16

ከሁሉ የከፋውን ዛሬ ሠራሁ። በተራ ልጻፈው።

እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ጉባኤያችን ዓርብ ነው። ሞልቶ ነበር። አባ ስለ ጉዞ አስተማሩ። "ክርስትና ጉዞ ነው። ቀድሞ የተነሣ ሁሉ አይደርስም፣ የዘገየም ሁሉ አይቀርም" አሉ። ሰው ሁሉ አያሌውን ያያል። እኔ ስለ ራሴ አሰብኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ጠዋት ከካላክላ ሳሃፋ፣ ማታ ከሳሃፋ ካላክላ። የሰው ጎማ እነፋለሁ፣ ሰው ይሄዳል። እኔ መንገደኛ ነኝ ወይስ መንገድ ዳር የሚቆም ሰው?

ከዚያ ተጠራሁ። ነጩን ሸሚዝ ለብሻለሁ። አነበብኩ። የታፔላውን ታሪክ ተናገርኩ። "ም… ግ… ብ… ምግብ ቤት" ስል ሰው ሁሉ ሳቀ። "እኔም እጇን ይዤ፣ ጎበዝ ስንዱ አልኳት" ብዬ አነበብኩ። እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሃፍላው ውስጥ የሚያውቀን ማንም አልነበረም፣ እሷም የለች፣ ማን ያርመኛል? እልል ተባለ። አንዲት ሴት "እንዲህ ያለ ባል!" አለች፣ ጆሮዬ ሰማ። ሲጨበጨብልኝ ዐይኔ ወደ አያሌው ሄደ። ለእሱ እንዲህ ተጨብጭቦለት ያውቃል? ያልኩት ይህን ነው።

እሱ ግን በነጠላው ዐይኑን እየጠረገ ነበር።

ተነሣ። መንገደኛ እንደሚያደርገው ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ። አውቄም ሳላውቅም፣ በቃልም በሥራም ያስቀየምኳችሁ። ሰው ሁሉ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። አለቀ ብዬ ሳስብ ሳራን "ወደ አባትሽ ውሰጂኝ" አላት። እጁን ይዛ አመጣችው።

"በላይ" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንድ ነገር ከብዶኛል። ስንዱ ተቀይማኝ ነው የሞተችው። ምን እንዳጠፋሁ አራት ዓመት አስቤ አጣሁት። ሁለት መስመር ስትስት ተቆጥቻት አውቃለሁ፤ እሱ ይሆን? እሷ የለችም። አንተ ስለ እሷ ሆነህ ይቅር በለኝ።"

ከዚያ ጎንበስ አለ። ወደ ጉልበቴ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው።

ሰው ያየናል። ሳራ ታየኛለች። አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር የከፈትኩት፣ እምላለሁ። የወጣው ግን "ይቅር ለእግዚአብሔር" ነው።

ትከሻዬን ሳመኝና "ቀለለኝ" አለ። "ተባረክ፣ አሁን እሄዳለሁ።"

ያላጠፋ ሰው ይቅር አልኩ። ያጠፋሁት እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ።

ይህንንም ልጻፍ፣ አለዚያ ደብተሩ ምን ያደርግልኛል። ጎንበስ ሲልልኝ ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ። እሱ ታች፣ እኔ ላይ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀደምኩት። ከዚያ ነጠላው ከጫፉ መበላቱን አየሁ። ደስታው የት እንደገባ አላውቅም።

የሽኝቱ ፉል በሰሊጥ ዘይት ቀረበ። አልነካሁትም። ሳራ "ባባ፣ ማላክ? ምን ሆንክ?" አለች። ጾም አድክሞኛል አልኩ። ጾሙን እንኳ ዋሸሁበት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 17

ነገርኳቸው።

ጎሕ ሲቀድ ሳራ ጋሽ አያሌውን ልትሸኛቸው ስትነሣ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። ሪክሻ ውስጥ ለእሷ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ነፋሱ ቃሌን እየወሰደው "ኧ? ኧ?" ትለኝ ነበር። ጮኼ ደገምኩት። የሪክሻው ልጅ በመስተዋቱ አየን፤ አማርኛ ስለማያውቅ እግዚአብሔር ይስጠው። ሳራ "ያ ብርቱካን… እኔም በልቼ ነበር" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሚና በሪ ደረስን። የረጅም መንገድ አውቶቡሶች መነሻው ትርምስ ነው። ረዳቶቹ "መደኒ! ገዳሪፍ!" ይጮኻሉ። ጋሽ አያሌው ገብተው ሁለተኛው ወንበር ላይ በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል። አንድ ቦርሳ ጭናቸው ላይ። ሳራ ከታች ቀረች፤ "ግባ አንተ፣ ያላ" አለችኝ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ሱዳናዊ አንዴ ቦታህን ልቀቅልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሳይጠይቅ ተነሣ።

"ማነህ?"

"በላይ ነኝ፣ ጋሽ አያሌው።"

"በላይ! ለምን ደከምክ? ትናንት ተሰነባብተን።"

የተለማመድኩት አጭሩ ቃል ጠፋኝ። የመጣልኝን አልኩ። ስንዱ አልተቀየመችዎትም። ማየት አልፈልግም አላለችም። ጥራልኝ ነው ያለችው። እኔ ነኝ ሁለቱንም የዋሸሁት፣ እርስዎንም እሷንም። ቀንቼ ነው።

እጃቸው ቦርሳው ላይ ቆመ።

"ጠርታኝ ነበር?"

"አዎ።"

"አንድ ጊዜ?"

"በየቀኑ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ ሐሙስ" አልኩ። "ዓርብ መናገር አቆመች።"

ከውጭ ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ይመታል። ያላ፣ ያላ፣ ገዳሪፍ።

"ብርቱካኑንስ?" አሉኝ። ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

"በላችው። እኔ የገዛሁት መስሏት።"

"ጣፈጣት?"

"ጣፍጧት ነበር።"

ከደረታቸው አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እንደምንም ተጣጥፌ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። የሰው ሻንጣ ጀርባዬን ወጋኝ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ሰዉ እያየን ነው። ይየን።

ራሴን በእጃቸው ያዙት። ሊያነሡኝ ይሁን ሊገፉኝ አልገባኝም።

"ቆይ" አሉ። "መጀመሪያ ትናንት ይቅር ያልከኝን መልሰህ ውሰድ። የእኔ አልነበረም።"

"እወስዳለሁ።"

"አሁን ደግሞ ይቅር ለእግዚአብሔር ብልህ አፌ ብቻ ነው የሚለው። ተናድጃለሁ፣ በላይ። በጣም ተናድጃለሁ። ያቺ ልጅ ደጇ ድረስ መጥቼ ድምፄን ሳትሰማ…" አልጨረሱትም። "እስከ ገዳሪፍ ልናደድበት። መንገድ ለዚህም ይሆናል። ገዳሪፍ ስደርስ እደውልልሃለሁ።"

"እሺ።"

"ካልደወልኩ ገና አልደረስኩም ማለት ነው። ጸልይልኝ።"

ሱዳናዊው ቦታውን ፈለገ፣ ወረድኩ። ሳራ መስኮቱን በጣቷ መታች፣ እሳቸው መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አደረጉላት። ለእኔ አላደረጉም። ቀናሁ? ትንሽ። በራሴ ልጅ ቀናሁ፤ አውቶቡሱ ሳይወጣ ገና።

ሳራ ስትለየኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ለማማስ ማን ይነግራታል?" እጄን ግን ያዘችው፣ ሃፍላዋ እስኪመጣ።

በሦስት ሰዓት ሥራዬን ከፈትኩ። ዘይነባ "አብሽር አያ በላይ፣ ሰው ሸኝቶ የሚያለቅስ ደግ ነው" አለችኝ። ስለ ሽኝቱ አይደለም አልኳት። ለእሷም ነገርኳት። ሻዩን እየቀዳች አቆመች። ከዚያ ብርጭቆውን ለሌላ ሰው ሰጠችው። ጾመኛ ነው ብላ ይሆን ወይስ ነፍጋኝ፣ አልጠየቅሁም።

አባ ዘንድም እሄዳለሁ፣ ነገ። "ባለማወቅ" ሳልል።

ሁለት ጎማ ሠራሁ። ሦስተኛውን ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስልኩን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። አውቶቡሱ ገዳሪፍ የሚደርስበት ሰዓት ነው።